ከሆስፒታል አልጋ ወደ ፍሳሽ ቦይ፦ የሳልቫዶር የሌፕቶስፓይሮሲስ ወረርሽኝ የጉዳይ ጥናት

በ1996 የዝናብ ወራት፣ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በምትገኘው በሳልቫዶር ከተማ፣ ኮውቶ ማያ ወደተባለው የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ዓይናቸውና ቆዳቸው ወደ ብርቱካንማ እስኪያደላ ድረስ ቢጫ የሆነ፣ ሽንታቸው የቀነሰ ወይም ጨርሶ የቆመ፣ አንዳንዶቹም አእምሯቸውን የሳቱ ሕሙማን በተከታታይ ይገቡ ጀመር። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሐኪም ሳያዩ የቆዩ አልነበሩም። ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው በተመላላሽ ሕክምና መስጫዎች ታይተው፣ «ዴንጊ ነው» ተብለው ወደየቤታቸው ተመልሰው ነበር። በኋላ ሲቆጠር፣ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት በዚህ የተሳሳተ ስም የተመዘገቡት 42 በመቶ ሆነው ተገኙ።

የሕመሙ ትክክለኛ ስም ሌፕቶስፓይሮሲስ፣ በአይጥ ሽንት በተበከለ ውኃና ጭቃ የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያን ወረርሽኝና እርሱን ተከትሎ የመጣውን የረጅም ዓመታት ምርምር እንደ አንድ ጉዳይ ይመረምራል። የምርምሩ ዋና ሰው አሜሪካዊው ሐኪምና ተመራማሪ አልበርት ኮ ሲሆን፣ ሥራው የተከናወነው ፊዮክሩዝ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የብራዚል የሕዝብ ጤና የምርምር ተቋም በሳልቫዶር ባለው ማዕከሉ፣ ከብራዚላዊው ተመራማሪ ከሚተርማየር ጋልቫኦ ዶስ ሬይስና ከበርካታ ባልደረቦች ጋር ነው። ጉዳዩን እንድመርጠው ያደረገኝ ምርምሩ የሄደበት አቅጣጫ ነው። ከሆስፒታል አልጋ ተነስቶ ወደ ሕመምተኛው ቤት፣ ከቤቱ ወደ ጓሮው ቦይ፣ ከቦዩም ጤነኛ ወደሚመስሉት ጎረቤቶቹ ደም ወደ ኋላ ተጉዟል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም ተመራማሪዎቹ «በሽታው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ይሰጡት የነበረው መልስ ተለውጧል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ወረርሽኝ በአንድ ከተማ

ሳልቫዶር የባሂያ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን፣ እስከ 1763 ድረስ የብራዚል መናገሻ ነበረች። ከተማዋ የተሠራችው በኮረብቶችና በሸለቆዎች ላይ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከገጠር የፈለሰው ሕዝብ መሬት ሲያጣ፣ ማንም ያልፈለገውን የሸለቆ ቁልቁለት እየቆፈረና እየደለደለ ቤት ሠራበት። በእነዚህ ሰፈሮች ዝናቡም፣ የወጥ ቤት እጣቢውም፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሹም በአንድ ክፍት ቦይ ወደ ሸለቆው ግርጌ ይወርዳል። ከባድ ዝናብ ሲጥል ቦዩ ሞልቶ መንገዱን ይሸፍናል፣ ወደ ቤትም ይገባል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ጭቃው ለቀናት ይቆያል። የነዋሪው ኑሮ፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት መላኩም ሆነ ከሥራ መመለሱ፣ ያንን ጭቃ መርገጥን የግድ ይላል።

በዚያው ዓመት ከተማዋን የዴንጊ ወረርሽኝም መትቷት ነበር። ዴንጊ በኤዴስ ትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ሲሆን፣ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል። የሌፕቶስፓይሮሲስም የመጀመሪያ ቀናት በትክክል ይህን ይመስላሉ። ሁለቱም የሚበረቱት በዝናብ ወቅት ነው፤ ሁለቱም የሚያጠቁት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሰፈር የሚኖረውን ሕዝብ ነው። በቀን ብዙ ትኩሳተኛ የሚያይ ሐኪም፣ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ስለ ዴንጊ በሚያወራበት ወር፣ ሦስተኛ ቀን ትኩሳት የያዘውን ወጣት «ዴንጊ ነው፤ ዕረፍትና ፈሳሽ ይበቃሃል» ብሎ ቢያሰናብተው በስንፍና ሊወቀስ አይገባም ባይ ነኝ። በእጁ የነበረው መረጃ የሚመራው ወደዚያው ነበር። ጉዳቱ ግን ተጨባጭ ነው። ለዴንጊ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት ስለሌለ ሕክምናው በእርግጥም ዕረፍትና ፈሳሽ ሲሆን፣ ሌፕቶስፓይሮሲስ ግን በጊዜ ከተደረሰበት እንደ ፔኒሲሊንና ዶክሲሳይክሊን ባሉ የቆዩና ርካሽ መድኃኒቶች የሚታከም የባክቴሪያ በሽታ ነው። የተሳሳተው ስም የነጠቀው እነዚያን የመጀመሪያ ቀናት ነበር።

የጥያቄ ምልክት የሚመስለው ተሕዋስ

የበሽታውን አደገኛ መልክ፣ ማለትም ትኩሳትን፣ የወፍ በሽታን (የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆንን)ና የኩላሊት መድከምን በአንድነት የያዘውን ሕመም፣ በ1886 በዝርዝር የገለጸው ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ቫይል ነው። አሜሪካዊው አርተር ስቲምሰን በ1907 ቢጫ ወባ ገድሎታል ከተባለ ሰው ኩላሊት በተወሰደ ናሙና ውስጥ ጫፉ እንደ ቆልማማ በትር የታጠፈ ጠመዝማዛ ተሕዋስ አየና፣ ቅርጹ የጥያቄ ምልክት ስለመሰለው «ኢንተሮጋንስ» አለው። ተሕዋሱ የቫይል በሽታ መንስኤ መሆኑን ግን ያረጋገጡት በ1915 አካባቢ ጃፓናውያኑ ኢናዳና ኢዶ፣ ከእነርሱም ጋር በተመሳሳይ ጊዜ የጀርመን ተመራማሪዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ከጉዳያችን ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። የዚህን ተሕዋስ ወገን «ሌፕቶስፓይራ» ብሎ የሰየመው ጃፓናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ሂዴዮ ኖጉቺ በ1918 ወደ ኢኳዶር ከተማ ጓያኪል ተጉዞ፣ ቢጫ ወባ ከያዛቸው ሰዎች አገኘሁት ያለውን ሌፕቶስፓይራ የቢጫ ወባ መንስኤ አድርጎ አወጀ። በ1923 መጨረሻም ያንኑ አሳቡን ለማጠናከር የመጣው ወደ ባሂያ፣ ወደዚችው ወደ ሳልቫዶር ነበር። ቢጫ ወባ የሚመጣው ትንኝ በሚያስተላልፈው ቫይረስ እንጂ በሌፕቶስፓይራ እንዳልሆነ የታወቀው በኋላ ነው፤ ኖጉቺ ራሱም በ1928 አክራ ውስጥ ቢጫ ወባ ሲያጠና በዚያው በሽታ ሞተ። በ1996 ሳልቫዶር ውስጥ የሆነው የዚያ ስሕተት ግልባጭ ነው። ያን ጊዜ የትንኝ በሽታ የሌፕቶስፓይራ ነው ተባለ፤ አሁን ደግሞ የሌፕቶስፓይራው በሽታ የትንኝ ነው ተባለ። ምልክታቸው የተቀራረበ በሽታዎች በአንድ ሰፈር ሲኖሩ በዓይን ብቻ መለየት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የሚተላለፍበትም መንገድ መገለጽ አለበት፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና። በከተማ ውስጥ ዋናዋ ተሸካሚ ትልቋ የቦይ አይጥ ናት። አይጧ በሽታው አይጎዳትም፤ ባክቴሪያው በኩላሊቷ ቀጫጭን ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይኖርና ለወራት ከሽንቷ ጋር ይወጣል። እርጥብ አፈርና ውኃ ውስጥ ከወደቀ ለሳምንታት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ወደ ሰው የሚገባው በተጫረ ወይም በውኃ በራሰ ቆዳ፣ አለዚያም በዓይን፣ በአፍንጫና በአፍ ስስ ሽፋን በኩል ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥራ አራት ቀናት ውስጥ ይጀምራል። አስተዋይ ሐኪም ከዴንጊ ሊለይበት የሚችልባቸው ጥቂት ምልክቶች አሉ፦ በተለይ በባት ላይ የሚበረታ የጡንቻ ሕመም፣ መግል የሌለው የዓይን መቅላት፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም የሚከተለው የወፍ በሽታ። የመጨረሻው ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

የ1996ቱ ቅኝት ያሳየውና ያላሳየው

የኮ ቡድን ከመጋቢት 10 እስከ ኅዳር 2 ቀን 1996 በኮውቶ ማያ ሆስፒታል ንቁ የበሽታ ቅኝት አካሄደ። ሕሙማኑ ሪፖርት እስኪደረጉ ሳይጠብቅ፣ ወደ ሆስፒታሉ የሚገቡትን ሰዎች እየተከታተለ የሚጠረጠሩትን ለየ፤ ደም ወሰደ፤ ባክቴሪያውንም በላብራቶሪ ለማሳደግ ሞከረ። በዚህ መንገድ 326 ሕሙማን ተለዩ። ከእነርሱ መካከል 193ቱ፣ ማለትም 59 በመቶው፣ በላብራቶሪ የተረጋገጡ ወይም በላብራቶሪ ውጤት ተቀራራቢ ማስረጃ የተገኘባቸው ነበሩ።

የቀሩት ለምን እንዳልተረጋገጡ መረዳት የጉዳዩን ግማሽ መረዳት ነው። ለዚህ በሽታ መደበኛ ተደርጎ የሚወሰደው ምርመራ በሕይወት ያሉ የሌፕቶስፓይራ ዝርያዎችን ከሕመምተኛው ሴረም (ከደሙ ፈሳሽ ክፍል) ጋር ቀላቅሎ በአጉሊ መነጽር ሲጣበቁ የሚያይ ነው። ምርመራው በሰለጠነ ባለሙያና በየጊዜው በሚታደሱ የባክቴሪያ ናሙናዎች ላይ የሚመረኮዝ ሲሆን፣ ጠንካራው ማረጋገጫ ደግሞ በሁለት ጊዜ በተወሰዱ ናሙናዎች መካከል የፀረ እንግዳ አካሉ (ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል በደም ውስጥ የሚያመርተው ፕሮቲን) መጠን አራት እጥፍ ማደጉ ነው። ሁለተኛው ደም የሚወሰደው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ውጤቱ ሲመጣ ሰውየው ወይ ድኗል፤ ወይ ተቀብሯል። ባክቴሪያውን ማሳደግም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ምርመራው የሚጠቅመው ወረርሽኙን ለሚያጠናው ሰው እንጂ አልጋው አጠገብ ለቆመው ሐኪም አልነበረም።

ከሕሙማኑ 80 በመቶው ወንዶች ነበሩ፤ አማካይ ዕድሜያቸውም 36 ዓመት ገደማ ነበር፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ዕድሜ ማለት ነው። ባክቴሪያው ከደማቸው ሊያድግ ከተቻለባቸው መካከል 87 በመቶው ላይ የተገኘው አንድ ዓይነት ሴሮቫር (ፀረ እንግዳ አካል በሚሰጠው ምላሽ የሚለይ የባክቴሪያው ንዑስ ዓይነት)፣ «ኮፐንሃገኒ» የሚባለው ነበር። ይህ ውጤት ከላይ ሲታይ የላብራቶሪ ዝርዝር ይመስላል፤ ነገር ግን ለጉዳዩ ቁልፍ ነው። የሌፕቶስፓይራ ሴሮቫሮች ከ250 በላይ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ የሚስማማው የተወሰነ እንስሳ አለው። ወረርሽኙ ከከብቶች፣ ከውሾችና ከአሳማዎች ተደባልቆ የመጣ ቢሆን ኖሮ ብዙ ዓይነት ሴሮቫር ይገኝ ነበር። የኮፐንሃገኒ በዚህ መጠን መግነን ጣቱን ወደ አንዲት እንስሳ፣ ወደ ቦይ አይጧ ቀሰረ።

91 በመቶው የወፍ በሽታ ታይቶባቸዋል፤ 35 በመቶው ሽንታቸው አንሷል፤ 26 በመቶው ብርቱ የደም ማነስ ነበረባቸው፤ 23 በመቶው የኩላሊት እጥበት ተደርጎላቸዋል። ይህ ሁሉ እንክብካቤ እያለ 50 ሰዎች፣ ከጠቅላላው 15 በመቶ ገደማ፣ ሞተዋል። ሞትን አስቀድሞ በማመልከት ከሁሉ የበረታው ምልክት የአእምሮ መናወጥ ወይም መሳት ሲሆን፣ ዕድሜ ከ37 ዓመት በላይ መሆን፣ የኩላሊት መድከምና የመተንፈስ ችግርም እንዲሁ ከሞት ጋር ተያይዘዋል። ጥናቱ በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ፤ ከዚያም በኋላ ሌፕቶስፓይሮሲስን የገበሬና የማዕድን ቆፋሪ በሽታ ብቻ አድርጎ ማቅረብ አስቸጋሪ ሆነ።

ነገር ግን አኃዞቹን ስናነብ ያነበብነው የሆስፒታሉን በር ጭምር መሆኑን መርሳት የለብንም። የወፍ በሽታው 91 በመቶ የሆነው ሌፕቶስፓይሮሲስ የያዘው ሰው ሁሉ ቢጫ ስለሚሆን አይደለም። ብዙዎቹ በበሽታው የሚያዙ ሰዎች ምንም አይሰማቸውም፤ ወይም ጉንፋን መሰል ትኩሳት ይዟቸው በራሱ ይለቃቸዋል። ወደ ኮውቶ ማያ የሚደርሰው ከብዙ ማጣሪያ ያለፈው፣ ሕመሙ የከፋበት ሰው ብቻ ነው። ስለ ቀሩት ሆስፒታሉ ምንም ሊናገር አይችልም ነበር። ቡድኑ ከዚህ በኋላ ያደረገውን እንዲያደርግ ያስገደደው፣ እንደ እኔ ንባብ፣ ይህ ክፍተት ነው።

ወደ ቤቱ፣ ወደ ቦዩ

ቀጣዩ እርምጃ ሕሙማንን ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር ማነጻጸር ነበር። በ2002 በታተመው ጥናት ተመራማሪዎቹ በላብራቶሪ የተረጋገጠላቸውን ሕሙማን፣ በዚያው ሰፈር ከሚኖሩ፣ በዕድሜና በጾታ ከሚመሳሰሏቸው ሰዎች ጋር አስተያዩ። ጎረቤትን ከጎረቤት ማስተያየት ብልህነት ያለው ምርጫ ነው። ድሃን ከሀብታም ጋር ቢያነጻጽሩ መልሱ «ድህነት» ይሆንና ከዚያ አያልፍም። በእኩል ድህነት ውስጥ ከሚኖሩት መካከል አንዱ ታሞ ሌላው ለምን እንደቀረ መጠየቅ ግን ወደ ዝርዝሩ ይመራል። ዝርዝሩም ይህ ሆነ፦ በክፍት ፍሳሽ ቦይ አጠገብ መኖር፣ በቤት አካባቢ አይጥ ማየት፣ በተለይም አምስትና ከዚያ በላይ አይጦችን በአንድነት ማየት፣ በሥራ ቦታም ከተበከለ ውኃና ጭቃ ጋር መነካካት። ከአራቱ ሦስቱ የመኖሪያ ቤት ጉዳዮች ናቸው። የጎልማሶች በሽታ የመሰለው ነገር ሰዎች በሥራ ብቻ ሳይሆን በገዛ ደጃፋቸው የሚይዛቸው ሆኖ ተገኘ። በሌላ ጥናትም ከሕመምተኛ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ቤተሰቦች ከሌሎች ቤተሰቦች ይልቅ የቀድሞ መያዝ ምልክት በብዛት ተገኝቶባቸዋል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ እጅግ ብርቅ ስለሆነ፣ ይህ የሚያሳየው ሁሉም የሚረግጡት ጭቃ አንድ መሆኑን ነው።

ከዚያም ምርመራው ወደ አንድ ሰፈር ጠበበ። ፓው ዳ ሊማ ሸለቆዎችን የያዘች፣ የጥናቱ ክልል ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ ነገር ግን በ2003 በተደረገው ቆጠራ ከ14,000 በላይ ሰው የኖረባት ሰፈር ናት። ተመራማሪዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ3,171 ነዋሪዎች ደም ወስደው የሌፕቶስፓይራ ፀረ እንግዳ አካል ፈለጉ። በ15.4 በመቶው ላይ ተገኘ። ከስድስት ወይም ከሰባት ሰዎች አንዱ፣ አብዛኛው ሳያውቀው፣ በሆነ ጊዜ በባክቴሪያው ተይዞ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ጥናት ውስጥ የመልክዓ ምድሩ ሥርዓት ሳይቀር ወጣ። ጎርፍ በሚያሰጋው፣ ክፍት ቦይ ባለበት የሸለቆው ግርጌ የሚኖሩት ከፍ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ ተይዘዋል፤ ቆሻሻ በተከመረበት አቅራቢያ የሚኖሩትም እንዲሁ፤ ዶሮ የሚያረቡ ቤቶች እንኳ ሳይቀሩ ከፍ ያለ መጠን አሳይተዋል። ዶሮዎቹ ለአይጦች ምቹ የሆነ ሁኔታ መኖሩን የሚጠቁሙ ምልክቶች ይሆናሉ እንጂ የበሽታው ምንጭ ተደርገው ሊወሰዱ አይገባም። ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የገቢው ጉዳይ ነው። ቦዩ፣ ቆሻሻውና አይጡ ሁሉ በስሌቱ ውስጥ ከገቡ በኋላም፣ የቤተሰቡ የነፍስ ወከፍ ገቢ በቀን በአንድ የአሜሪካ ዶላር ሲጨምር የመያዝ ዕድሉ በ11 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሁሉም ድሃ በሆነበት ሰፈር ውስጥ እንኳ የድህነት ደረጃ አለ፤ ባክቴሪያውም ያንን ደረጃ ተከትሎ ይወርዳል።

የደም ናሙና አንድ ጊዜ ብቻ ሲወሰድ ያለፈውን ያሳያል እንጂ መቼ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ 2,003 ነዋሪዎች ተመዝግበው በየጊዜው ደማቸው እየተወሰደ ክትትል ተደረገባቸው። በዚህ ክትትል የተገኘው ዓመታዊ የመያዝ መጠን ከ1,000 ሰው ወደ 38 የሚጠጋ ነበር፤ ከዚህ ቀደም ተይዘው የነበሩ ሰዎችም እንደገና ሲያዙ ታዩ። በ1996 ሆስፒታሉ ያየው የዚህ ሁሉ ጫፍ ብቻ እንደነበር አሁን በቁጥር ታወቀ። ሆስፒታሉን የሚያጥለቀልቀው ወረርሽኝ ከመጣ በኋላ የሚጠፋ እንግዳ አልነበረም፤ በሸለቆው ግርጌ በየዓመቱ ከሚቀጥል ጸጥተኛ መያዝ ላይ ዝናቡ የሚያስነሳው ማዕበል ነበር።

አይጧን መግደል ለምን አልበቃም

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አይጦቹን መመረዝ ነው፤ የከተማ አስተዳደሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ችግሩ በአይጧ ሥነ ሕይወት ውስጥ አለ። አንዲት እንስት በዓመት ብዙ ጊዜ፣ በአንድ ጊዜም እስከ አሥር ገደማ ግልገሎች ትወልዳለች። መርዙ ያጎደለውን ቁጥር፣ ምግቡና ጎሬው ሳይነካ ከቀረ፣ የተረፉትና ከአጠገብ የሚመጡት ከጥቂት ወራት በኋላ ይሞሉታል። ዘመቻው ካበቃ በኋላ ቦዩም ቆሻሻውም እዚያው ናቸው። አይጥን የሚያኖራት ሰው የጣለው ነገር ስለሆነ፣ ዘላቂው መፍትሔ የቦይ፣ የቆሻሻ አወጋገድና የቤት ጉዳይ መሆኑን ጥናቶቹ በተደጋጋሚ አመልክተዋል።

ሳልቫዶር ደግሞ ምንም አልሠራችም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። «ባሂያ አዙል» በተባለው ሰፊ የፍሳሽ ማስወገጃ መርሐ ግብር በከተማዋ የፍሳሽ መስመር ያላቸው ቤቶች ድርሻ ከ26 ወደ 80 በመቶ ከፍ ብሏል፤ በሕፃናት ላይ የተቅማጥ በሽታም በአምስተኛ ገደማ መቀነሱ በ2007 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። ነገር ግን የከተማ አማካይ ቁጥር የሸለቆን ግርጌ አያሳይም። ቧንቧ ለመዘርጋት ከሁሉ አስቸጋሪ የሆኑት ቁልቁል፣ ጠባብና ያለ ፈቃድ የተሠሩ ስፍራዎች ናቸው፤ አይጡም ባክቴሪያውም የሚበረቱት እዚያው ነው።

ሳንባን የሚያደማው መልክ

በ2003 በሳልቫዶር አዲስ ነገር ተከሰተ። ሕሙማኑ ከኩላሊት መድከም ይልቅ በሳንባ መድማት መሞት ጀመሩ። በከተማዋ ለዓመታት የቆየው ንቁ ቅኝት ከዚያ በፊት ይህን ዓይነቱን ሕመም አላገኘም ነበር፤ ከ2003 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ግን 47 ሰዎች ላይ ተመዘገበ። ከእነርሱ 74 በመቶው ሞቱ። በ2005 በሌፕቶስፓይሮሲስ ከሞቱት መካከል 55 በመቶውን የገደለው ይህ መልክ ነበር። ቀደም ብሎ በ1995 ኒካራጓ ውስጥ ከጎርፍ በኋላ የተነሳ ወረርሽኝም ያለ ወፍ በሽታ ሳንባን እያደማ ሰዎችን ሲገድል፣ በመጀመሪያ የቫይረስ ደም አፍሳሽ ትኩሳት ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር።

ለሐኪሙ የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። በ1996 የወፍ በሽታ ዘግይቶም ቢሆን የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነበር። በሳንባው መልክ ሰውየው ቢጫ ሳይሆን ደም እየተፋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ቅኝቱ በዚያ ሆስፒታል ያለማቋረጥ ባይቀጥል ኖሮ ለውጡ መቼ እንደጀመረ መናገር አይቻልም ነበር። የአንድ ዓመት ጥናት ታትሞ ከተዘጋ በኋላ መቅረት ቀላል ነው፤ ቡድኑ ያላደረገው ይህንን ነው።

ከሸለቆው ወደ ላብራቶሪው፣ ከላብራቶሪውም ወደ ሸለቆው

በ1996ቱ ወረርሽኝ ከአንድ ሕመምተኛ ደም ያደገው ዝርያ «ፊዮክሩዝ ኤል1-130» ተብሎ ተሰየመ። የብራዚል ተመራማሪዎች የዚህን ዝርያ ሙሉ የዘር ቅንጣት ቅደም ተከተል በ2004 አሳተሙ፤ ይህም ቻይና ውስጥ በሌላ ሴሮቫር ላይ ከተሠራው ከአንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከዚህ ሥራ ጎን ለጎን ባክቴሪያው ሰው ውስጥ ሲገባ በገጽታው ላይ የሚያወጣቸው ፕሮቲኖች ትኩረት ሳቡ። ሕሙማኑ በብርቱ ፀረ እንግዳ አካል የሚመልሱላቸው እነዚህ ፕሮቲኖች በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ለሚሰጥ የጠብታ ደም መመርመሪያ መሠረት ሆኑ። የመመርመሪያው ዓላማ ግልጽ ነው፦ በ1996 «ዴንጊ» ብሎ ላሰናበተው ሐኪም ያልነበረውን መሣሪያ መስጠት። ይሁን እንጂ ፀረ እንግዳ አካል እስኪመረት ቀናት ስለሚወስድ፣ በትኩሳቱ የመጀመሪያ ቀናት መመርመሪያው ብዙ ሕሙማንን ይስታል፤ ስለዚህ የሐኪሙን ጥርጣሬ የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አልሆነም።

ክትባቱ የባሰ አስቸጋሪ ነው። በእንስሳት ላይ የሚሰጡት የቆዩ ክትባቶች በአብዛኛው የሚከላከሉት የተሠሩበትን ሴሮቫርና የቅርብ ዘመዶቹን ብቻ ነው። በ2021 የኮ ባልደረቦች ያሳተሙት ሥራ ሌላ መንገድ አሳይቷል። ባክቴሪያው እየተሽከረከረ ለመዋኘት የሚያስፈልገውን አንድ ፕሮቲን እንዳይሠራ ካደረጉት በኋላ ሕያው ሆኖ ሳለ መዋኘት ተሳነው፤ በሽታም ማስከተል አልቻለም። ይህ አካለ ስንኩል ባክቴሪያ የተሰጣቸው የሙከራ እንስሳት ከሌሎች የሌፕቶስፓይራ ዝርያዎች ጭምር ተከላከሉ። ከሙከራ እንስሳ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ሆኖም ለአሥርተ ዓመታት የክትባት ሥራውን ያሰረውን የሴሮቫር እንቅፋት ማለፍ እንደሚቻል ያሳየ ውጤት በመሆኑ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

ኮ በ2010 ወደ አሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ቢዛወርም የሳልቫዶሩ ሥራ አልተቋረጠም። በሳልቫዶር የተሠራው ዓይነት ቆጠራ በሌሎች አገሮች ከተገኙ መረጃዎች ጋር ተዳምሮ፣ በ2015 በታተመ ግምት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 1.03 ሚሊዮን ሰዎች በሌፕቶስፓይሮሲስ እንደሚታመሙና 58,900 እንደሚሞቱ ተሰልቷል።

በዚያው በ2015፣ እንደ ዴንጊ ሁሉ በኤዴስ ትንኝ የሚተላለፈው ዚካ ቫይረስ ሳልቫዶር ገባ። የፓው ዳ ሊማ ነዋሪዎች ለሌፕቶስፓይራ ጥናት የሰጡት ደም በማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ቫይረሱ ከመስፋፋቱ በፊት የተወሰደ ናሙና ያለው ማኅበረሰብ ደግሞ በዓለም ላይ ጥቂት ነበር። 1,453 ነዋሪዎችን የያዘው ጥናት በ2019 ሲታተም 73 በመቶው በዚካ መያዛቸው ታወቀ። ቀድሞ የዴንጊ ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው በብዛት የነበራቸው ሰዎች በዚካ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለአይጥ በሽታ ሲባል ተቀድቶ የተቀመጠው ደም፣ ከሃያ ዓመት በፊት የዚያችው ከተማ ሐኪሞች ሌፕቶስፓይሮሲስን ስለሰየሙበት ስለ ዴንጊ አዲስ ነገር ተናገረ።